ፊት ሲበልዝ፦ በቤት የሚድነውና ሐኪም የሚሻው

"በር መታኝ"፣ "ከበቅሎ ወደቅሁ"፣ "በሬው በቀንዱ ነካ አደረገኝ"፣ "ልጁ ሲሮጥ ከግንብ ጋር ተላተመ" የሚሉት አባባሎች ለማንኛውም የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ፊቱ አብጦ፣ የዓይኑ ሥር ጠቁሮ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱን ይናገራል። ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ቤታቸው ሆነው መዳን የሚችሉ ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ መድረስ ከነበረባቸው ሰዓት በጣም ዘግይተው ይደርሳሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል እውቀት በየቤቱ እንዲኖር ማድረግ ነው።

ጉዳዩ ከቤቱ ወጥቶ በአሥር ደቂቃ ክሊኒክ ለሚደርስ የከተማ ነዋሪ ቀላል ሊመስል ይችላል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ለሚኖር ሰው ግን እንዲህ አይደለም። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ገጠሮች የሚኖር አርሶ አደር ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሸለቆ መውረድና ዳገት መውጣት ሊኖርበት ይችላል። አንድ ጉዞ ማለት የአንድ ቀን ሥራ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና የአንድ አስታማሚ ጊዜ ነው። ስለዚህ "ልሂድ ወይስ ልቆይ?" የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ሳያስፈልግ መሄድ ድካም ነው፤ መሄድ ሲገባ መቅረት ደግሞ ዓይንን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል።

ብልዝ ምንድን ነው?

ፊት በደም ሥር የበለጸገ የአካል ክፍል ነው። ቆዳው በተለይም በዓይን ዙሪያ ስስና ልል ነው፤ ከሥሩም ጠንካራ አጥንት አለ። በመሆኑም አንድ ነገር ፊትን ሲመታ ቆዳው ሳይቀደድ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ከእነርሱ የፈሰሰው ደም በሥጋና በቆዳ መካከል ይቋጠራል። ብልዝ የምንለው ይህንን ነው። በእጅ ወይም በእግር ላይ ቢሆን እምብዛም የማይታወቅ ምት ፊት ላይ ሲያርፍ ቶሎ የሚያብጠውና የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ቦታው ይቀላል፤ በማግስቱ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል። ቀናት ሲያልፉ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቢጫና ቡናማ እየሆነ ይጠፋል። ይህ የቀለም ለውጥ ብዙ ሰው እንደሚፈራው የመመረዝ ምልክት አይደለም። ሰውነታችን የፈሰሰውን ደም ደረጃ በደረጃ እየፈታ ሲያነሳ የሚታይ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አረንጓዴውና ቢጫው ላይለይ ይችላል፤ ቦታው የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚያምና ትንሽ የጠጠረ ሆኖ ብቻ ይታወቃል። አብዛኛው ቀላል ብልዝ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል። ሕመሙ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እየቀነሰ መምጣት አለበት።

አንድ ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጥ ነገር እናንሳ። ሕፃኑ ግንባሩን ተመትቶ እብጠቱ እንደ እንቁላል ይጎላል። በማግስቱ ጠዋት ግን ግንባሩ ጎደል ብሎ የዓይኑ ቆብ ያብጣል። "ምቱ ወደ ዓይኑ ገባ" ተብሎ ጭንቀት ይሆናል። በግንባር የተቋጠረ ደምና ፈሳሽ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደታች ይወርዳል፤ ልል በሆነው የዓይን ቆብም ያርፋል። ልጁ በደንብ የሚያይ፣ የሚጫወትና የሚበላ ከሆነ ይህ ብቻውን አያሰጋም።

የሚጠቅም መስሎ የሚጎዳ

ከአያት ከቅድመ አያት የመጡ ልማዶች ሁሉ ስህተት አይደሉም። እብጠት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ወይም ቀዝቃዛ ማንኪያ መያዝ ትክክለኛ መሠረት ያለው ነው። ሌሎቹን ግን ዛሬውኑ መተው ይገባል።

የመጀመሪያው በምላጭ መብጣትና ዋግምት ነው። "የረጋው ደም ካልወጣ ይመርዛል" የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በብልዝ ውስጥ ያለው ደም የራሳችን ንጹሕ ደም ነው፤ ቆዳው እስካልተቀደደ ድረስ ጀርም የሚገባበት በር የለውም። ምላጩ ግን በሩን ይከፍታል። የፊት ቁስል ሲያመረቅዝ መጥፎ ጠባሳ ይተዋል። ለብዙ ሰው ያገለገለ ምላጭ ደግሞ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

ሁለተኛው ማሸት ነው። እብጠቱ እንዲበተን ተብሎ በቅቤ ወይም በዘይት ጠንክሮ ማሸት ሊረጉ የጀመሩትን የደም ሥሮች እንደገና ያደማል። ከሥሩ የተሰነጠቀ አጥንት ካለም ያንቀሳቅሰዋል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የአፍንጫን ወይም የመንጋጋን አጥንት ማስጎተት ከዚህ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ሦስተኛው ወዲያውኑ ሙቀት ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የጋለ ጨርቅ ወይም የሞቀ ድንጋይ ሥሮቹን ያሰፋል፤ መድማቱንም ያብሳል።

አራተኛው በተላጠ ቆዳ ላይ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ፣ ፋንድያ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የጥርስ ሳሙና ማድረግ ነው። አፈርና ፋንድያ የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም የሚይዙ ናቸው። በዓይን ውስጥ የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ቀደም ሲል ለሌላ ሰው የታዘዘ ጠብታ መጨመርም ፈጽሞ አይገባም።

አምስተኛው "ሕመሙን ያስረሳል" ብሎ አረቄ መጠጣት ነው። አልኮል ሥሮችን ያሰፋል። ከዚህም በላይ የተመታው ሰው ሲንገዳገድና ሲለፋደድ "ሰክሮ ነው" ተብሎ ይተዋል። የአንጎል መድማት ምልክትም ከስካር ጋር ይመሳሰላል። በሠርግና በበዓል ሰሞን በዚህ ምክንያት ብቻ የሚባክኑ ሰዓታት ውድ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምን ያድርጉ?

ተጎጂው ደህና መሆኑን፣ ማለትም ነቅቶ በአግባቡ እንደሚናገርና እንደሚያይ ካረጋገጡ በኋላ ፊቱን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርገው ያጥቡ። የተላጠ ቦታ ካለ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ውሃ ያፍስሱበት።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ለዚህ ማቀዝቀዣ ወይም የፋብሪካ በረዶ ግድ አይደለም። ደጋው ራሱ ይህንን አልነፈገንም። በእንስራ ያደረ ውሃ ወይም ጠዋት የተቀዳ የምንጭ ውሃ በቂ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ሳይጫኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጡ። ጨርቁ ሲሞቅ መልሰው ይንከሩት። ነቅቶ በሚቆይበት ሰዓት በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። በረዶ ካለዎት ግን በቀጥታ ቆዳ ላይ አያድርጉት፤ በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በረዶም ቆዳን ያቃጥላልና። የዓይንን ኳስ በምንም ነገር መጫን አይፈቀድም።

ሌሊት ሲተኛ ትራሱን ከፍ ያድርጉ፤ ሁለት ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ከራስጌ ይበቃል። ጭንቅላት ከፍ ሲል እብጠቱ ይቀንሳል። ከባድ ሸክም ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ማጨድና መሮጥ ለሁለት ቀን ይቅር።

ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚያስፈልገው ባለሙያ ያማክር። ለልጆች መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን የፋርማሲ ባለሙያው በሚሰጠው መለኪያ ይጠቀሙ። አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ለዚህ ዓይነት ጉዳት አይሆንም፤ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ቢሆኑ ጭንቅላቱን ለተመታ፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበትና ለነፍሰ ጡር ተገቢ አይደሉም። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ወቅት ሕመም የገጠመው ሰው ፓራሲታሞልን በባዶ ሆድ ቢወስድ ጨጓራውን አይጎዳም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ያለ ምግብ አይወሰዱም። ቆዳው ላልተቀደደ ብልዝ አሞክሳሲሊንም ሆነ ሌላ ፀረ ተዋሲያን መድኃኒት ምንም ጥቅም የለውም፤ ገንዘብ ማባከንና ጀርሞችን ማላመድ ነው።

ስለ እንቅልፍም አንድ ነገር እንበል። "ጭንቅላቱን የተመታ ሰው መተኛት የለበትም" ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቀስ የሚያድር ሰው አለ። ከምቱ በኋላ ደህና የነበረና የአደጋ ምልክት ያልታየበት ሰው መተኛት ይችላል። የመጀመሪያውን ሌሊት ግን ብቻውን አይደር። አጠገቡ የሚተኛ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስቅሶ እንደ ወትሮው መንቃቱንና ስሙን መጥራቱን ያረጋግጥ። የማይነቃ ከሆነ ንጋትን መጠበቅ የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ

ከ48 ሰዓት በኋላ መድማቱ ቆሟል። አሁን ለብ ያለ ጨርቅ ይጠቅማል፤ የደም ዝውውሩን ጨምሮ የተቋጠረው ቶሎ እንዲነሳ ይረዳል። ጨርቁን በእጅዎ ጀርባ ሞክረው የማያቃጥል መሆኑን ያረጋግጡና ለ10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያድርጉ።

የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ በመካነ ሰላም ከፍታ ጨረሩ ከቆላው በርትቶ ይወርዳል። እየዳነ ያለ ብልዝ ፀሐይ ሲበዛበት ጥቁር ምልክት ሆኖ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ባርኔጣ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ይጠቀሙ። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ብለው ከገበያ የፊት ማቅያ ክሬም አይግዙ። ብዙዎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይወሰዱ ኃይለኛ መድኃኒቶች ያሉባቸው ሲሆኑ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ፊትንም በብጉርና በማይጠፋ ቅላት ያበላሻሉ።

ከብልዙ ሥር ምን አለ?

ብልዝ ራሱ አይገድልም። የሚያሰጋው ከሥሩ የተደበቀው ነው። ስለዚህ ቤትዎ ሆነው አምስት ነገሮችን ይፈትሹ። የሚያስፈልግዎ የስልክ መብራትና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ዓይን። ያልተመታውን ዓይን በእጅ ሸፍነው የተመታው ዓይን ጣት መቁጠር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለቱን ዓይኖች ከፍቶ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል? የዓይን ብሌኑ ቅርጽ ክብ ነው? ከብሌኑ ፊት ለፊት የቀይ ደም መስመር ወይም ዝቃጭ ይታያል? እይታው ከደበዘዘ፣ ሁለት ከታየው፣ ወይም ደም ከብሌኑ ፊት ከተጠራቀመ የዓይን ድንገተኛ ሕመም ነው። ቆቡ አብጦ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነም በግድ አይክፈቱት፤ በባለሙያ ይታይ። ዓይኑ የተወጋ ከመሰለዎት በምንም አይጫኑት፤ ሳይነካው ከላይ ከልለው ይውሰዱት። በደቡብ ወሎ የዓይን ሕክምና ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የቆየው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲህ ላሉ ጉዳቶች ከሚላክባቸው አንዱ ነው። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ብቻ የታየ ቀይ ደም ግን፣ እይታው ጤናማና ሕመም የሌለው ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በራሱ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ አፍንጫ። የሚደማ ከሆነ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማጋደልና አናት ላይ ውሃ ማፍሰስ ልማድ ሆኗል። ወደ ኋላ ሲጋደል ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ያስታውካልም። ወደ ፊት አዘንብሎ ይቀመጥና ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ሳይለቅ ለ10 ደቂቃ ይያዝ። ካልቆመ ይድገመው፤ አሁንም ካልቆመ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ደሙ ከቆመ በኋላ በመብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከመሃለኛው ግድግዳ የተነሳ ጠቆር ያለ ለስላሳ እብጠት ቀዳዳዎቹን ከዘጋ በዚያው ቀን መታየት አለበት። በግድግዳው የተቋጠረ ደም ካልተቀዳ የአፍንጫው ለስላሳ አጥንት ሊሞትና አፍንጫው ሊጎብጥ ይችላል። አፍንጫው የተጣመመ ከመሰለዎት እብጠቱ ሲቀንስ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታይ፤ ከዚያ ሲዘገይ ማቃናቱ ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ጉንጭ። ሁለቱን ጉንጮችና የላይኛውን ከንፈር በጥጥ ወይም በላባ በቀስታ ይንኩ። በተመታው በኩል ከደነዘዘ፣ ወይም ጉንጩ ከሌላኛው ዝቅ ብሎ ከታየ የጉንጭ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ መንጋጋና ጥርስ። ተጎጂው ጥርሱን ሲገጥም እንደ ወትሮው ይገጥምለታል? አፉን በደንብ ይከፍታል? ካልገጠመ ወይም ካልተከፈተ መንጋጋው ተሰብሯል ወይም ወልቋል ተብሎ ይጠረጠራል። የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ አይጣሉት። ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ይዘው በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ካልሆነም ወተት ውስጥ ይክተቱት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የወተት ጥርስ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

አምስተኛ፣ ጭንቅላት። ፊትን የመታ ኃይል አንጎልንም ይነቀንቃል። የሚከተሉትን የምንዘረዝረው ለዚህ ነው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

ከምቱ በኋላ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ግራ የሚጋባ ወይም የሚቃዥ፣ የሚያንቀላፋና ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ የሚንቀጠቀጥ፣ እጁ ወይም እግሩ የሰነፈ፣ የዓይን ብሌኖቹ መጠን የተለያየ ሰው ሰዓት አይሰጠውም። ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ወይም ከጆሮ ደም ከወጣ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው ቦታ ከጠቆረ፣ ወይም ዓይኑ ሳይመታ ሁለቱም ዓይኖች ዙሪያቸው ከጠቆረ የራስ ቅል ሥር መሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከባድ በሆነ አወዳደቅ፣ ማለትም ከገደል፣ ከዛፍ፣ ከሩጫ ላይ ካለ በቅሎ፣ ከሞተር ብስክሌት ወይም ከባጃጅ የወደቀ፣ እንዲሁም በፈረስ ወይም በበቅሎ የተረገጠ ሰው ምልክት ባይታይበትም ይመርመር። አንገቱን ካመመው አንገቱን ሳያነቃንቁ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድመው ይውሰዱት።

እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ በመጀመሪያ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይደውሉ፤ የወረዳውን አምቡላንስ የምታገናኝዎ እርሷ ናት። የሲቲ ስካንና የአንጎል ቀዶ ሕክምና አገልግሎት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ስለሆነ በየደረጃው የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያ ደብተሩን ይያዙ። ቢረሱትም ግን ለእርሱ ብለው ከመንገድ አይመለሱ።

የተሰነጠቀ ወይም ጥልቅ የሆነ ቁስል፣ በተለይ ከንፈርንና የዓይን ቆብን የነካ፣ በዕለቱ ቢሰፋ ይመረጣል። ቁስሉ በአፈር ወይም በፋንድያ ከተበከለ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ውሻ ከነከሰው ደግሞ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይሂዱ። ፊት ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ በፊት ላይ ያለ ንክሻ ጊዜ አይሰጥም።

የልብ ቧንቧ በር ተቀይሮላቸው ወይም በሌላ ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ የጉበት ሕመም ያለባቸውና አረጋውያን ጭንቅላታቸውን በትንሹም ቢመቱ መታየት አለባቸው። ሳይመታ የሚበልዝ፣ ድዱ የሚደማ ወይም በሰውነቱ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ የወጣበት ሰው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ገና መዳህና መቆም ያልጀመረ ጨቅላ ፊቱ ከበለዘ "ወደቀ" ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ራሱን ችሎ የማይንቀሳቀስ ሕፃን በራሱ እምብዛም አይበልዝም።

ከብልዙ ኋላስ?

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ የድንገተኛ አደጋ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 29 የገና ጨዋታ ላይ ዱላ የሳተው ወጣት፣ ሲያርስ የበሬው ቀንድ ያገኘው ገበሬ፣ በዝቅተኛ ጉበን ግንባሯን የመታች ልጃገረድ ሐፍረት የለባቸውም፤ የሆነውን ይናገራሉ። የማይናገሩም አሉ። "በር መታኝ" ከሚሉት ውስጥ በር ያልመታቸው ይገኛሉ።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 34ቱ በትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። በዚያው ጥናት ከሴቶች ከመቶ 63ቱ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚችልበት ተገቢ ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል፤ ከወንዶች ይህንን ያሉት ከመቶ 28ቱ ናቸው። የምትመታዋ ራሷ ምቱን እንደ ተገቢ ስትቆጥር ብልዙ በሻሽ ይሸፈናል፤ ሕክምናውም ቅቤና ዝምታ ይሆናል።

እንደ ሐኪም የምንለው ግልጽ ነው። ብልዙ ትንሽ ቢሆንም ያመጣው እጅ ከሆነ ጉዳዩ በቤት የሚታከም አይደለም። ዛሬ ጉንጭ ላይ ያረፈ እጅ ነገ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሁለት ነፍስ ናት። አንገቷ ታንቆ ከነበረ፣ ድምጿ ከጎረነነ ወይም ለመዋጥና ለመተንፈስ ካስቸገራት ከውጭ ምንም ባይታይም ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ትሂድ።

ቶሎ መታየት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ብልዝ ይጠፋል፤ ሐኪምም ቀለሙን ብቻ አይቶ "ይህ የሦስት ቀን ነው፤ ይህ የአምስት ቀን ነው" ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። በዕለቱ የተመዘገበ ጉዳት ግን መጠኑ፣ ቦታውና ቀኑ በካርድ ላይ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ያስቀጣል። የሕክምና ማስረጃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፖሊስ ጣቢያና የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም በራቸውን ሊከፍቱ ይገባል።

ጎረቤትና ዘመድ ደግሞ በሰው ፊት፣ ይልቁንም ባል ባለበት "ምን ሆነሽ ነው?" ብሎ አይጠይቅ። ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትሄድ ለብቻዋ ጠይቋት፤ ስትናገርም እመኗት። ሽማግሌ ጠብን ያበርዳል፤ ይህ የወሎ ወግ የሚከበር ነው። ነገር ግን ዕርቅ የተሰበረን አጥንት አይጠግንም፤ የምትፈራን ሴት ወደምትፈራው ቤት መመለስም ዕርቅ ሊባል አይችልም። ገመናን መሸፈን መልካም ነው። ጉዳትን መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

ለጤና ባለሙያዎችም የምንለው አለን። ፊቷ የበለዘ ታካሚ ስትመጣ አስታማሚውን በትሕትና አስወጥቶ ለብቻዋ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። ጥያቄው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካልተጠየቀች ግን የያዘችውን ፓራሲታሞል ይዛ ወደ መጣችበት ትመለሳለች።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ቤተሰብዎ እሳት ዳር ሲሰበሰብ ይህንን ያንብቡላቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስልክ ቁጥር በሁሉም ስልክ ላይ ያስመዝግቡ፤ ልጆችም በቃላቸው ይያዙት። ቀላሉን ብልዝ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ከፍ ያለ ትራስና ሁለት ሳምንት ይበቁታል። ከሥሩ የተጎዳ ዓይን ወይም አንጎል፣ ከኋላው የሰው እጅ ካለ ግን መንገዱ ቢረዝምም ይሂዱ።